ድንኳኑ ይውጣ፣ አልጋው ይግባ፦ ለአስታማሚ ማረፊያና ለአስተርጓሚ ከደሴ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ዓመት ክረምት የእህቴን ልጅ ሳንባ ምች ያዘው። እህቴ አራስ ስለነበረች አስታማሚው እኔ ሆንኩ። ከተማችን ካሉት ጤና ተቋማት በአንዱ ዘጠኝ ቀን ከረምን። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው፤ እዚያ ያሉት ነርሶች እግራቸው እስኪያብጥ ሲሯሯጡ አይቻለሁ።

በአራተኛው ቀን አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ አንዲት ወጣት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ገባች። ከሚሌ በኩል ነው የመጡት። እሷ አማርኛ አትችልም። እኛ አፋርኛ አንችልም። ለካ ከአምስት ቀን በፊትም መጥታ ነበር። ልጁ ታይቶ፣ የሚበጠበጥ አሞክሳሲሊን ታዞለት፣ «ቤት ወስደሽ ስጪው» ተብላ ተሸኝታለች። መድኃኒቱን በፌስታል ቋጥራ ይዛዋለች። አውጥታ ስታሳየን ዱቄቱ ደረቁን ነው። ገሚሱ ጎድሏል።

ጠርሙሱ ላይ ያለችውን መስመር ታውቋታላችሁ? ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እስከዚያች መስመር ይጨመርና በደንብ ይናጣል፤ ከዚያ ነው በማንኪያ የሚለካው። እሷ ዱቄቱን በማንኪያ ጫፍ እየቆነጠረች፣ ልጁን ትን እያለው፣ በፍየል ወተት ታስውጠው ነበር። ስንት እንደዋጠ፣ ስንት እንደተፋ ማን ያውቃል?

ነግረዋታል እኮ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ በአማርኛ ነግረዋታል። እሷም ራሷን ነቅንቃለች። ኋላዋ ያለው ወረፋ ረጅም ነው፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊቷ ቆሟል፣ ሌላ ምን ታድርግ? እኔም ብሆን እነቀንቃለሁ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ሻይ የምታዞረው ልጅ ባቲ ያደገችና አፋርኛ የምትችል ስለሆነች ነው። ፔርሙሷን መሬት ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለችና ጠየቀቻት፣ ለነርሷም ነገረቻት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ልጁ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን በዚያች አምስት ደቂቃ ጉድለት ያ ሕፃን ሁለተኛ ጊዜ የሐረጎን ዳገት ወጥቷል፤ አባቱም ለመኪና ብሎ ሁለተኛ ፍየል ሸጧል።

አባቱን ያየሁት ማታ ነው። ወንድ አስታማሚ ሌሊት ክፍል ውስጥ አይፈቀድለትም። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጦሳ ተራራን ብርድ እኛ ለምደነዋል። እሱ ግን ከበረሃ የመጣ ሰው ነው፤ ሽርጥና ስስ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ብርድ ልብስ ሰጠሁት። ጠዋት አጣጥፎ፣ አራት ማዕዘን አድርጎ መለሰልኝ። ያ አስተጣጠፍ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

እንግዲህ ስለ ቅሬያችን ላውራ። (ከወሎ ውጪ ላላችሁ፦ እናንተ እድር የምትሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን።) ቅሬያችን 140 አባወራ አለው። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው፤ ይህ ለእኛ ዜና አይደለም። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ትልልቅ ድስት፣ ቃሬዛ አለን። እነዚህ ሁሉ የሚቀመጡበት ሦስት ክፍል ያለው ቤትም አለን። ቤቱ ከሆስፒታል በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ነው።

በታኅሣሥ ስብሰባ ያየሁትን ተናገርኩ። ስጨርስ የቅሬያችን አባል የሆነች ነርስ ተነሣች። እሷ የነገረችን ከእኔም የባሰ ነበር። አንዲት ኦሮምኛ ብቻ የምትችል እናት የአሥር ዓመት ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ትመጣለች። ሐኪሙ «ደም የሚፈስሽ መቼ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ልጁን እንዲጠይቅለት አዘዘው። ልጁ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ለእናቱ የሆነ ነገር አላት፣ እሷም መለሰችለት። «ሆዷን ነው የሚያማት አለች» አለ። እናትየው በሌላ ቀን ይህችኑ ነርስ አግኝታ «ኤሳቱ ሲ ዱኩባ?» ስትባል ነው እውነቱ የወጣው። የት ጋ ነው የሚያምሽ ማለት ነው። ነርሷ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ከከሚሴ ጎረቤቷ ነው የተማረችው። እሷን ስትላት ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች አለችን።

ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሐጂ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው፣ «ለሞተ ሰው በሰዓቱ ድንኳን እንተክላለን። ለታመመው ግን እስኪሞት ነው እንዴ የምንጠብቀው?» አሉ። ነገሩ ያኔ ተወሰነ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የነበረው ሁለት ሰዓት ክርክር ስለ ገንዘብ ነው።

የወሰንነው ይህን ነው። ከሦስቱ ክፍሎች ሁለቱን አውጥተን 12 አልጋ ያለው የአስታማሚ ማረፊያ እናደርጋቸዋለን፤ ሰባት ለሴቶችና ለሕፃናት፣ አምስት ለወንዶች። ድንኳኑና ድስቱ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ሌላው ሥራ፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነው፣ ሦስት አስተርጓሚ መቅጠር ነው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ለአፋርኛ፣ አንዲት ሴት ለኦሮምኛ። የሕመምተኛውን ምስጢር ስለ መጠበቅ፣ ያልተባለውን ስላለመጨመርና የተባለውን ስላለማሳጠር ነርሷና ጓደኞቿ ያሠለጥኗቸዋል። አስተርጓሚዎቹ ሥራ የሚጀምሩት ከጤና ተቋማቱ ጋር በጽሑፍ ስንፈራረም ነው፤ ንግግሩ ተጀምሯል።

«አስተርጓሚዎቹ በበጎ ፈቃድ ይሥሩ» ያሉ ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም። በጎ ፈቃደኛ ፈተና ሲደርስ ይጠፋል፤ አይፈረድበትም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተደውሎለት የሚነሣ ሰው ደመወዝ ይገባዋል።

ሌላም ጥያቄ ተነሥቷል። አልደብቃችሁም። «የራሳችን ሰው ተቸግሮ እያለ ለምን ለአፋሩና ለኦሮሞው?» ያለ ሰው አለ። በመጠየቁ አልተቀየምኩም። ግን ቤቱ የአንድ ብሔር አይደለም። ከወረኢሉ የመጣ አማራም፣ ከአርጎባ የመጣም፣ ሐይቅ አጠገብ ካለው የጃሪ መጠለያ የመጣ ተፈናቃይም እኩል ይገባል። አልጋ የሚሰጠው በሁለት ነገር ነው፦ በመንገዱ ርቀትና በሕመሙ ክብደት። መዝገቡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «ብሔር» የሚል ዓምድ የለውም። በምትኩ «በየትኛው ቋንቋ ይመችዎታል?» የሚል አለ።

ደግሞስ እነሱና እኛ የምንባባለው ከመቼ ወዲህ ነው? ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። አፋሩ ግመልና ፍየል፣ ኦሮሞው ማሽላ፣ ነጋዴው ከኮምቦልቻ ጨርቅ ይዞ እዚያው ይገናኛል። በአንድ ሂሳብ ላይ ሦስት ቋንቋ ይጨቃጨቃል፤ ይግባባልም። ለፍየል ዋጋ የምንግባባ ሰዎች ለመድኃኒት መጠን ሲሆን እንዴት ያቅተናል? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደሴ ስትያዝ ሆስፒታሉም ተዘርፎ ነበር። ያኔ ሕመምተኛ አዝለን ደብረ ብርሃን ድረስ የሄድነው እኛ ነን። ሰው በር ከፍቶልናል።

አገሩን በቁጥር ለሚያይ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በአዲስ አበባ 39፣ በአፋር 125 ነበሩ። በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በአዲስ አበባ ከ100 ውስጥ 97፣ በአፋር 15 ገደማ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። የአፋር ሕፃን ከአዲስ አበባው የተለየ ሳንባ የለውም። የሚለየው መንገዱ፣ ርቀቱ፣ ኪሱና አፉ የፈታበት ቋንቋ ነው። መንገዱን እኛ አንሠራውም። የመጨረሻዋን ግን እዚህ ደሴ ላይ መሥራት እንችላለን።

«ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» ነው፤ አዎ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ዜጋ ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑም ብዙ ሰው ረድቷል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች፤ እኛ ሰፈር የማያውቀው የለም። ግን መድኑ ለሕክምናው እንጂ ለአስታማሚው ማደሪያ አይከፍልም፤ አያስተረጉምም። መጠየቁን እንቀጥላለን። እስከዚያው ግቢው ውስጥ የሚያድረው ሰው ዛሬ ማታም ይበርደዋል።

አሁን ወደ እናንተ፣ ውጭ አገር ወዳላችሁት። የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ነው ያለችው። ሐኪም ጋ ስትሄድ በስልክ አማርኛ ተናጋሪ ያገናኟታል፣ ምንም አትከፍልም። ደግነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥቁሮች በብዙ ትግል ያስገኙት የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር እንዳያዳላ ይከለክላል። አስተርጓሚውም የመጣው ከዚያ ነው። ነገሩ እዚያም አላለቀም፤ ጥቁር እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ቢሆንም የእኔዋ የአክስት ልጅ፣ ከአገሯ በአውሮፕላን ከአሥር ሰዓት በላይ ርቃ፣ የሚያማትን በአማርኛ ትናገራለች። የሚሌዋ እናት በአገሯ፣ በመኪና ግማሽ ቀን ርቃ፣ አልቻለችም። ራስ መነቅነቅ ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። መጀመሪያ የሄዳችሁ ሰሞን ስንቴ «የስ፣ የስ» እያላችሁ ወጥታችኋል?

ሂሳቡ ይኸውና። ጠቅላላ የሚያስፈልገን 480,000 ብር ነው። ከዚህ 252,000 ብሩ የሦስቱ አስተርጓሚዎች የአንድ ዓመት ደመወዝ ነው፣ ለእያንዳንዳቸው በወር 7,000 ብር። የቀረው ለወለል ሲሚንቶ፣ ለሁለት ሽንት ቤት፣ ለባለ 2,000 ሊትር ሮቶ፣ ለማብሰያ ቦታና ለአልጋዎቹ ነው። እኛ ከየአባወራው 300 ብር አዋጥተን 42,000 ብር ይዘናል። ሃምሳ ሎሚውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልተርተውም።

ገንዘቡ የሚገባው በቅሬው ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ነው። ለማውጣት የዳኛው፣ የገንዘብ ያዡና የጸሐፊዋ ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። የሂሳብ ቁጥሩን ከጸሐፊዋ ወይም ይህን ጥሪ ካደረሳችሁ የቅሬው አባል ውሰዱ። ከሌላ ሰው በቴሌግራም ቁጥር ቢላክላችሁ አትቀበሉ፤ በእኛ ስም የሚለምን እንዳይኖር ነው። የገባውና የወጣው በየወሩ የቅሬው ቤት በር ላይ ይለጠፋል። ባለፈው አንድ ሰው 50 ብር በቴሌብር ልኮ «ትንሽ ናት፣ ስሜን አትጻፉ» አለ። ጽፈነዋል፤ «አንድ ወንድም፣ 50 ብር» ብለን።

ገንዘብ የሌለው ዕቃ ያምጣ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ (ወፍራም ይሁን፣ ደሴ መሆናችንን አትርሱ)፣ አንሶላ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ከሰል ምድጃ። ያረጀ ልብስ ግን ባታመጡ ደስ ይለናል፤ የሚቀመጥበት ቦታ የለንም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ዕቃውን ሰብስባችሁ ደውሉልን እንጂ ለሐረጎ ዳገት መኪና አትከራዩ። አንድ አባላችን በሳምንት ሦስት ቀን ባዶ አይሱዙ ይዞ ይመለሳል፤ በነጻ ሊጭን ቃል ገብቷል። አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ አፉን የፈታ፣ አማርኛም አቀላጥፎ የሚናገር፣ በተለይ ሴት፣ ሥራ የምትፈልግ ካወቃችሁ ላኩልን። ሻይ የምታዞረዋን ልጅ ጠይቀናታል። እሺ ብላለች፤ መጀመሪያ ግን «ፔርሙሱንስ ማን ይይዝልኛል?» ብላ ነበር።

በመጪው እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ድንኳኑን ማውጣት እንጀምራለን። እናቶች ቡና ያፈላሉ፣ ቆሎም አለ። ድንኳኑ ከባድ ስለሆነ ቢያንስ ስምንት ጎረምሳ እንፈልጋለን። መዶሻ ያለው መዶሻ ይዞ ይምጣ፤ ባለፈው ያዋስነው ሰው አልመለሰልንም።