ኢትዮጵያዊ እንዳይገባበት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም ቤተሰቤም ደኅና ነን። ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄን ማጥፋቴን አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። አንተ ረጅም ይቅርታ ሲነገርህ ማዛጋት ስለምትጀምር በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ፊደል ስገድፍ ብታይ ግን እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ አርመህ እንዳትመልስልኝ አደራ።

ቤቱን ገዝተነዋል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ የዘጋህብኝ ዕለት ስናወራበት የነበረውን፣ እዚሁ ሰሜን ሲያትል ያለውን ማለቴ ነው። ባለፈው ወር ልጄ ለትምህርት ቤት የቤት ሥራ ብላ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሮጌ ቤት ሰነዶችን ሰብስበው ያዘጋጁትን ካርታ ከፍታ አድራሻችንን ትፈልጋለች። ጥቂት ቆይታ፣ «አባዬ፣ ስማችን አለ» ብላ ጠራችኝ። እኔም የግብር ደረሰኝ መስሎኝ መነጽሬን አድርጌ ቀረብኩ።

እ.ኤ.አ. በ1928 መሬቱ ተሸንሽኖ ሲሸጥ የተፈረመ ውል ነው። ንብረቱን አይሁዳዊ፣ ወይም የኢትዮጵያ፣ የማላይ ወይም የማናቸውም የእስያ ዘር የሆነ ሰው ከቶ እንዳይዘውና እንዳይኖርበት፣ የገዢው ወራሾችም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አሳልፈው እንዳይሰጡ ያዛል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በጽሕፈት መኪና ተመትቶ፣ ቀለሙ ትንሽ ፈሶ ቁጭ ብሏል። አስበው፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪ የንጉሥነት ዘውድ ሲደፉ፣ ኢትዮጵያም የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች አምስት ዓመት ሲሞላት፣ እዚህ ደግሞ አንድ የመሬት ነጋዴ በእኛ ስም አጥር ያጥር ነበር።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ባለቤቴንም ጠርቼ አሳየኋት። ልጄ ግን አንድ የጀርመን ሊቅ፣ ብሉመንባኽ የሚባል፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የራስ ቅል እየመረመረ የሰውን ልጅ ለአምስት እንደ ከፈለውና ጥቁሩን ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ እንደ ሰየመው አነበበችልን። እንግዲህ የውሉ ጸሐፊ ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ በልቡ ያሰባቸው ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው የሲያትል ሰፈር የታጨቁትን ጥቁር አሜሪካውያን ነው። እነርሱ በመዝሙረ ዳዊት «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን እያነበቡ ስማችንን በክብር ይዘውት ኖረዋል፤ በ1935 ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ጆን ሮቢንሰንን የመሰለ አውሮፕላን አብራሪ ከቺካጎ ተነሥቶ መጥቶልናል። እኔ ግን እዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ «እኛ ከእነርሱ አይደለንም» ስል እንደ ነበር ከአንተ የበለጠ የሚመሰክርብኝ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ በስተመጨረሻ ያለው ሐረግ ነው። ከክልከላው ነጻ የሚሆኑት በነዋሪዎቹ ቤት ውስጥ ተቀጥረው የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞች ብቻ ናቸው ይላል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ የሥራ ልብሷን ለብሳ ቆማ ነበር። በሳምንት አራት ሌሊት፣ ከእኛ ብዙም በማይርቅ፣ ምናልባትም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ባለበት ሰፈር አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። «እኔስ በ1928ም ቢሆን እገባ ነበር፤ ውጭ የምትቀረው አንተ ነህ» ብላኝ ቁልፏን ይዛ ወጣች። ቀልዷ ነው ብዬ ልለፈው ብል እስከ ዛሬ አላለፈልኝም።

አንተ ሕጉን ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ገና መማሬ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 ከተሞች ሰፈርን በዘር እንዳይከፍሉ ሲከለክል፣ ሥራው ከማዘጋጃ ቤት ወደ ጎረቤታሞች የግል ውል ተዛወረ። በ1948 ሼሊ የሚባሉ የሴንት ሉዊስ ጥቁር ቤተሰብ፣ ስድስት ልጆቻቸውን ይዘው የገቡበትን ቤት ልቀቁ ተብለው እዚያው ፍርድ ቤት ደርሰው ሲረቱ፣ ከዘጠኙ ዳኞች ሦስቱ ከችሎቱ ራሳቸውን አገለሉ፤ ምክንያቱን በይፋ ባይናገሩም እነርሱም ውል ባለበት ቤት ይኖሩ ስለ ነበር ነው ተብሎ ይታመናል። ፍርዱም ቢሆን ፍርድ ቤት ውሉን እንዳያስፈጽም ከለከለ እንጂ መጻፉን አላስቀረም፤ ባንኩና ደላላው ቀሪውን ሥራ ለሃያ ዓመት ሠሩት። የእኛዋ ሲያትል ደግሞ፣ ለዘብተኛ ነኝ ባይዋ፣ በ1964 ቤት ማከራየትና መሸጥ ላይ አድልዎ ይቅር ወይስ ይቀጥል ተብላ ድምፅ ብትጠየቅ፣ ሁለት እጅ ለአንድ በሆነ ብልጫ ይቀጥል አለች። የነገሩ መዝጊያ ኤፕሪል 1968 ነው፤ ዶክተር ኪንግ ሜምፊስ ላይ ከተገደሉ በሳምንቱ በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክለው የፌዴራሉ ሕግ ተፈረመ፣ ከዚያም በሳም ስሚዝ፣ በመጀመሪያው ጥቁር የከተማ ምክር ቤት አባል፣ ግፊት የሲያትል ደንብ ወጣ።

አሁን ልናዘዝ። ቤት ስንፈልግ ኤጀንቱን፣ የእኛው አገር ልጅ ነው፣ «ጥቁር የሚበዛበት ሰፈር እንዳይሆን አደራ» አልኩት። እርሱም ወዲያ ወዲህ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህን ብመልስልህ ፈቃዴን ይቀሙኛል» አለኝ። የከለከለው ያው የ1968ቱ ሕግ መሆኑን እኔ ምን አውቄ! ለአንተ እንደ ቀልድ የነገርኩህ ይህንኑ ነበር። ዝም አልክ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። መስመሩ ተቆርጦ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ፣ በማግስቱም አልደወልኩም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሆነ። እንግዲህ ያንን ወረቀት ሳነብ የማላውቀውን የመሬት ነጋዴ ልቆጣው ፈልጌ፣ የሰማሁት የራሴን አደራ ሆነ፤ እኔ በአማርኛ ያልኩትን እርሱ በእንግሊዝኛ አስመትቶታል።

ሌላም አለ፣ ሳቅብኝ። ቤቱን ስንፈርም በሰነድ ምዝገባው ላይ 100 ዶላር ተጨምሮ አይቼ እንደ ልማዴ አጉረመረምኩ። ለካ ግዛታችን ዋሽንግተን በ2023 ያወጣችው ሕግ ነው፤ ከሚሰበሰበው ገንዘብ፣ በእነዚህ ውሎች የተገፉ ወገኖችና ዘሮቻቸው የመጀመሪያ ቤታቸውን ሲገዙ ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ብድር ይሰጣል። ልጄ «እኛስ ይገባናል?» ብትለኝ መመሪያውን አየሁት፤ ሰውየው ወይም ወላጁ ወይም አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከኤፕሪል 1968 በፊት እዚህ ግዛት መኖር አለበት ይላል። ለአንድ አፍታ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ስማችን ተጽፎ ሳለ ድርሻ የለንም ብዬ ተቀየምኩ። ከዚያ አንተ «እኛ የገባንበትን የ1965ቱን የኢሚግሬሽን በር በትከሻቸው የገፉት እነማን መሰሉህ?» ትለኝ የነበረውና እኔ ሬዲዮ ከፍ የማደርግበት ትዝ አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት አሉ። አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ቦይንግ ጥቁር ሠራተኞችን መቅጠር እንደ ጀመረ ገብተው፣ ደመወዛቸው ቢበቃም ከሴንትራል ዲስትሪክት ወጥተው ቤት መግዛት ሳይችሉ አርፈዋል። እርሳቸው ይህን የነገሩኝ ቲማቲም ሊሰጡኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነው። የልጅ ልጃቸው አሁን ለዚያ ብድር አመልክቷል። ያን ቀን ወረቀቱ ከኋላዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ላሳያቸው ወይስ ልሸሽገው እያልኩ ቲማቲሙን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ፣ ግቡ እንኳ ሳልላቸው።

እንግዲህ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። የአካባቢያችን አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ ውሉን የሚሽር ቅጽ ያለ ክፍያ ይመዘግባል። ባለቤቴ ዛሬውኑ ፈርመህ ገላግለን ትላለች፤ ልጄ ደግሞ አይነካ፣ ፍሬም ተደርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ባይ ናት። ቅጹ ቢመዘገብም አሮጌው ሰነድ ከመዝገብ ቤት አይጠፋም አሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን ብፈርም የራሴን አደራ አብሬ የደመሰስኩ እየመሰለኝ፣ ባልፈርም ደግሞ ባልቴቷን ማየት እያፈርኩ፣ ቅጹን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጥፌ ሦስት ሳምንት ሆነው። ወተት ላወጣ ስሄድ ሁሉ አየዋለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውልልሃለሁ። ካላነሣህ ማክሰኞ እደግመዋለሁ። ብታነሣው ግን፣ ይህን ጉዳይ ለባልቴቷ በምን ቃል እንደምጀምርላቸው መጀመሪያ ንገረኝ፤ ስድቡን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።

ያው ወንድምህ፣
ከሲያትል