«ሠዓሊው ያልታወቀ» ከማለት በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በባህል ዓምዳችሁ ስለ አሮጌ የአሜሪካ የፍቅር ኮሚክሶች (ታሪካቸው በተከታታይ ሥዕል የሚነገር መጽሔቶች) ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብበነዋል። ቅር ያሰኘን ከሥዕሎቹ ግርጌ የሰፈረው ነው። ሁለቱ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ተብለዋል፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ማስረጃ ሳይጠቀስ «ጃክ ከርቢ» የሚል የታዋቂ ኮሚክስ ሠዓሊ ስም አለ። ሳይፈልጉ «ያልታወቀ» ማለት የሰውን የእጅ ሥራ ባለቤት አልባ ማድረግ ነው። ሳያረጋግጡ ታዋቂ ስም መለጠፍ ደግሞ ይብሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም እውነተኛውን ሠዓሊ ሊፈልግ አይነሣም።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» እየተባለ የጻፈውም ያስጻፈውም ይታሰባል፤ ሥዕሉን የሣለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አይነሣም። የፍቅር ኮሚክሶቹም እንዲሁ ናቸው። ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ በ1947 «ያንግ ሮማንስ» የተባለውን የፍቅር ኮሚክስ ከጀመሩ ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ አሳታሚዎች ተከተሏቸው። ሠዓሊው በገጽ ሒሳብ እየተከፈለው ሠርቶ ያስረክባል፤ ስሙ ይውጣ አይውጣ የሚወስነው አሳታሚው ነበር።

ፍለጋው የሚጀምረው ከሥዕሉ ሳይሆን ከደቃቅ ፊደላቱ ነው። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ወይም በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ አሳታሚው፣ ቁጥሩና ወሩ ታትመዋል፤ በመጀመሪያው ገጽ ከሆነ ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂም ተስፋ አይቆረጥበትም። የታተመው ወር አብዛኛውን ጊዜ መጽሔቱ ገበያ ከዋለበት ሁለት ወር ያህል የዘገየ ነው፤ ሥዕሉ የተሠራው ደግሞ ከሽያጩም ወራት ቀደም ብሎ ነው። ሽፋኑ ላይ የኮሚክስ ኮድ (አሳታሚዎቹ ራሳቸው ያወጡት የይዘት መቆጣጠሪያ ደንብ) ማኅተም ካለ ኅትመቱ ከ1955 ወዲህ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። ማኅተም አለመኖሩ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ዴል የተባለው አሳታሚ ከመጀመሪያውም አልተጠቀመበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የኅትመት ዓመትና የሥዕል ዓመት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ፋውሴት የተባለው አሳታሚ በ1953 ኮሚክስ ማተም ሲያቆም ሌላው አሳታሚ ቻርልተን አንዳንድ የፍቅር መጽሔቶቹን ተረክቦ ቀጥሏል፤ ስለዚህ በቻርልተን የወጣ ሥዕል ቀድሞ ለፋውሴት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከኮዱ በኋላ ዳግም በታተሙ ገጾች ላይ ደግሞ የቀሚስ አንገት ከፍ እንዲል በሌላ እጅ የተነካካ ይገኛል። በአንድ ሳጥን (በገጹ ላይ በመስመር በታጠረ አንድ ሥዕል) ውስጥ የልብሱ መስመር ከፊቱ መስመር የተለየ ወፍራምነት ካለው ይህን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ሥራውን በየእጁ መለየት ነው። አንድ ገጽ ላይ በእርሳስ የነደፈው፣ በጥቁር ቀለም ያወጣው፣ ፊደሉን የጻፈውና ቀለም የመረጠው አራት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሠዓሊ ስትፈልጉ የታተመውን ቀለም ከነጭራሹ እርሱት። ገጹን በቀለም ሁነታ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጉ፤ ስልክ ወረቀቱን ያጣምመዋል፣ በ300 ደግሞ የኅትመቱ ነጠብጣብ ከመስመሩ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ቀዩን ቻናል ብቻ (ምስሉ ከተሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ንብርብሮች ቀዩን) ክፈቱ። የሰው ቆዳ የታተመው በቢጫና በሮዝ ነጠብጣብ ስለሆነ ከፊቱ ላይ ይጠፋል፤ ጥቁሩ መስመር ብቻ ይቀራል። ሰማያዊ የለበሰችው ልጅ ቀሚስ ግን በዚህ ቻናል ይጠቁራል፣ ለእሱ ሰማያዊውን ቻናል ተጠቀሙ። የስፌት ሽቦውን ለስካን ብላችሁ አትንቀሉ፤ የተበተነ ገጽ ቁጥሩንና ወሩን የሚመሰክርለት የለም።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ጆቫኒ ሞሬሊ የተባለው ጣሊያናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የድሮ ሠዓሊዎችን የለየው በጆሮና በጥፍር አሣሣል ነበር፤ ሠዓሊው በማያስብባቸው ቦታዎች እጁ እንደ ለመደው ስለሚሄድ። በፍቅር ኮሚክስ ይህ እጥፍ ድርብ ይሠራል። የልጅቷ ፊት አሳታሚው በሚፈልገው ቁንጅና ስለሚሣል ሁሉም ይመሳሰላል። እናንተ የወንዱን ጆሮ ውስጥ፣ ስልክ የያዙትን ጣቶች፣ የኮቱን ገበር እጥፋት፣ ከኋላ የቆመውን ሰው ተመልከቱ። ማነጻጸሪያው በፊርማ የተረጋገጠ፣ በዕድሜም ከሁለት ዓመት ያልራቀ ሥራ ይሁን፤ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ታሪኮች። አንድ ሳጥን ብቻ በቂ አይደለም፤ ሠዓሊዎቹ ከፎቶግራፍም አንዱ ከሌላውም ይገለብጡ ነበር።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ጥቁር አሜሪካዊው ማት ቤከር በሴንት ጆን አሳታሚ የፍቅር መጽሔቶች ሽፋንና ታሪክ ሥሏል፤ ሰዎቹ ሲቆሙ ክብደታቸው በአንድ እግር ላይ ያርፋል፣ እጃቸውም ዘና ያለ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በ1959 ከመሞቱ በፊት፣ በጥቁር ቀለም ለሚያወጣው ለቪንስ ኮሌታ በእርሳስ ነድፏል። በእነዚያ ገጾች አቋቋሙ የቤከር ሆኖ ሳለ ፊቱና ጸጉሩ እንደ ፀጉር በቀጠኑ የኮሌታ የብዕር ጭረቶች ተሸፍኗል። መስመሩን ብቻ ያየ «ኮሌታ» ብሎ ያልፋል፤ ቤከርም ይቀበራል። በአንጻሩ ሠዓሊው አሌክስ ቶዝ ከ1952 ጀምሮ ለስታንዳርድ አሳታሚ የሠራቸው ታሪኮች በሰፋፊ ጥቁር ቦታዎችና በጥቂት መስመሮች ቶሎ ይታወቃሉ።

ወደ ሦስተኛው ሥዕላችሁ እንመለስ። የሳይመንና ከርቢ ስቱዲዮ ቢል ድራውት፣ ሞርት ሜስኪንና ጆን ፕሬንቲስን የመሰሉ ሠዓሊዎች ነበሩት። ልብስ ላይ የሚታየው በወፍራም ብሩሽ የተሰመረ፣ እንደ አጥር እንጨት በአጭር በአጭሩ የተደረደረ ጥላ የስቱዲዮው ልማድ እንጂ የከርቢ ብቻ አይደለም። ፊደሉም አይረዳም፤ ቤን ኦዳ ለዚህ ስቱዲዮም ለሌሎች አሳታሚዎችም ጽፏል። ከርቢ ለማለት የጣቶቹ ጫፍ አራት ማዕዘን መሆኑን፣ ሰውነቱ ወደ አንባቢው መወርወሩን በብዙ ሳጥን ማሳየት ያስፈልጋል።

ፊርማ ፈልጋችሁ አጣችሁ ማለት የለም ማለት አይደለም። የመክፈቻው ትልቅ ሥዕል የታችኛው ማዕዘን፣ የመኪና ታርጋ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የግድግዳ ሥዕል ፍሬም፣ የመጻሕፍት ጀርባ ላይ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ።

የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። ከሥዕሉ ሥር መጽሔቱን፣ ቁጥሩን፣ ወሩንና ገጹን ጻፉ፤ ቀጥሎም እጆቹን ለይታችሁ «እርሳስ፦ ማት ቤከር? ጥቁር ቀለም፦ ቪንስ ኮሌታ» በሚል መልክ አስቀምጡ። ከ1994 ጀምሮ የሚሠራው ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ የተባለው የኮሚክስ መረጃ ማከማቻ ላልተረጋገጠ ስም የሚጠቀመው ይህንኑ የጥያቄ ምልክት ነው። የሦስቱን ገጾች ሙሉ ስካን በሚቀጥለው እትም ካወጣችሁልን፣ ቢያንስ በሦስተኛው ላይ ከርቢንና ድራውትን ጎን ለጎን አነጻጽረን ውጤቱን ከነምክንያቱ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የሥዕል መምህራንና የአሮጌ ኮሚክስ ሰብሳቢዎች
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ