ውሳኔው ይጻፍልን፦ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ካዛንቺስ የነበረው የእናቴ ቤት በ2017 ዓ.ም. ለልማት ፈርሷል። የምጽፍላችሁ ለምን ፈረሰ ብዬ አይደለም። የምጽፈው ስለ አንድ ወረቀት ነው።

ለካሳ ሲለካ ጓሮ ያሉት ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች ሳይቆጠሩ ቀሩ። እናቴ እያከራየች እኛን ያስተማረችባቸው ክፍሎች ናቸው። ቀኑ ሳያልፍ አቤቱታ አስገባን። ማመልከቻውን ተቀበሉን፣ ቁጥር ግን አልሰጡንም። ከዚያ ወዲህ በሄድን ቁጥር የምንሰማው ያው ነው፦ «እማማ፣ የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ሳምንት ብቅ ይበሉ።»

መሬት ለልማት ሲወሰድ ስለሚከፈለው ካሳ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ አቤቱታ ሰሚው በ30 ቀን እንዲወስን አዟል። ቅር ያለው ሰው የጽሑፍ ውሳኔው ከደረሰው በኋላ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ለማመልከት 30 ቀን አለው። ጉባኤውም ለመወሰን 30 ቀን ተሰጥቶታል። ከዚያ ፍርድ ቤት አለ። ታዲያ የመጀመሪያው ውሳኔ ካልተጻፈ ይግባኝ የምንለው በምን ላይ ነው? «አይገባችሁም» ብለው ቢጽፉልን እንኳ ይሻለን ነበር። ይዘነው የምንሄድበት ቦታ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ላይ ጉዳይ ስለማቅረብ ብቻ አይደለም የሚያወራው፤ «ውሳኔ ወይም ፍርድ» ስለማግኘትም ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። ለራፖር ጸሐፊ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ደርሶ መልስ አራት ታክሲ። እኔ በሄድኩ ቁጥር የቀን ገቢዬ ይቀራል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ቢሮው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ ካርታቸውን በፌስታል የያዙ አዛውንት ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ። የመዝገብ ቤቷን ልጅ አልወቅሳትም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ዶሴ ፊቷን ይሸፍናል፤ ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች?

ስለዚህ የምንለምናችሁ፣ አቤቱታ ያስገባ ሰው ሁሉ ቀንና ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጠው። ስንት መዝገብ ገባ፣ ስንቱ ተወሰነ፣ ስንቱ 30 ቀን አለፈው የሚለው በየወሩ በር ላይ ይለጠፍ። ቀኑ አልፎ መልስ ያጣ ሰው ደግሞ በደረሰኙ ብቻ ወደ ጉባኤው እንዲያልፍ ይፈቀድለት። የከተማዋን በጀት የምታጸድቁት እናንተ ናችሁ፤ ለዚያች ልጅም ሰው ጨምሩላት።

እኛ ማክሰኞ ጠዋት ተመልሰን እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር
የካዛንቺስ ልጅ