ሚጣን ሰው ቤት አትስጫት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ያን ቀን በስልክ ካወራን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሚጣን በመስከረም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ልትሰጫት እንደሆነ ነገርሽኝ። «ትማራለች፣ ቤት ታግዛለች፣ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት» አልሽኝ። እታለም፣ እኔም የተሰጠሁት እንደዚሁ ተብሎ ነው። ልነግርሽ ስል እንባ ቀደመኝ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

አባባ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ብሎ ወጥቶ ሲቀር አንቺ ትዳር ይዘሻል። እማ የምታበላን አጥታ ነው የሰጠችኝ፤ አልፈርድባትም። እዚያ ቤት ያሳለፍኩትን ግን ለማናችሁም አውርቼ አላውቅም።

ዶሮ ሳይጮህ እነሳለሁ። ልጆቻቸውን አለባብሼ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። የኔ ትምህርት «ለከርሞ» እየተባለ ቀረ። የምተኛው ማድቤት፣ ከሰሉ ጆንያ አጠገብ ነው። ብርጭቆ ከተሰበረ በኤሌክትሪክ ገመድ እገረፋለሁ። ስኳር ጎደለ ከተባለ በር ተዘግቶ በበርበሬ እታጠናለሁ። ዛሬም ሰው ቤት በርበሬ ሲታመስ ከሸተተኝ ተነስቼ እወጣለሁ።

እማ አንድ ፋሲካ ቅቤና ሽሮ ይዛ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ሴትዮዋ የልጇን ቀሚስ አለበሰችኝ። እጅጌው ረጅም ስለነበር ክንዴ ላይ ያለው አልታየም። ሳሎን አስቀምጣን ቡናውን ራሷ አፈላች፤ ሌላ ቀን የማፈላው እኔ ነኝ። እማ «ደህና ነሽ ልጄ?» አለችኝ። ሴትዮዋ ጀበናውን ይዛ ታየኛለች። «ደህና ነኝ» አልኩ። እማ ደስ ብሏት፣ የሴትዮዋን ጉልበት ስማ፣ መርቃት ሄደች።

ከዚያ ቤት ያወጣችኝ ጉሊት የምትሸጥ ጎረቤት ናት። ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ «ማታ ማታ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አጠገባችን ማንም አልነበረም። የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። በማግስቱ ቀበሌ ሄዳ አመለከተች። «በሰው ገመና ምን አገባሽ» ቢሏትም አልተወችም። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ማሳደጊያውን፣ የማታ ትምህርቱን፣ ዲቪውን ታውቂዋለሽ።

ሲያትል ስገባ ሐሳቤ ሠርቼ፣ ለእማ እየላክሁ መኖር ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ 2011 ግን ሐና የምትባል ከኢትዮጵያ በማደጎ የመጣች ልጅ እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሞተች። በረሃብ ከስታ፣ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ ብርድ ላይ ወድቃ ነው የሞተችው። ቤት ውስጥ ነበር የሚያስተምሯት፤ የውጭ ሰው ብዙም አያያትም። በ2013 ጉዳዩ ከሲያትል በስተሰሜን ማውንት ቨርነን ከተማ ሲታይ አበሻው እየሄደ ችሎት ይቀመጥ ነበር፣ አጠገቧ ዘመድ ላልነበራት ልጅ ዘመድ ሆኖ። እናትየዋ ወደ 37 ዓመት፣ አባትየው ወደ 28 ዓመት ተፈረደባቸው። እኔን ግን ፍርዱ አላሳረፈኝም። በሕይወት ሳለች ለብቻዋ የጠየቃት ሰው ቢኖር እያልኩ ሳስብ ከረምኩ።

ለካ እዚህ አገር ለዚሁ ሥራ የሚመደብ ሰው አለ። በፈረንጆቹ 1977 እዚሁ ሲያትል ዴቪድ ሱካፕ የሚባል ዳኛ፣ ተበድለው ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ስለሚቀርብ ልጆች በቂ ነገር ሳያውቅ መፍረዱ አስጨነቀው። ስለዚህ የልጆቹን ሁኔታ አይተው የሚነግሩት በጎ ፈቃደኞችን ጠራ፤ አሠራሩ ኋላ በመላው አሜሪካ ተስፋፋ። እኔም 30 ሰዓት ሠልጥኜ ገባሁበት። ጠበቃ አይደለሁም። ቢያንስ በወር አንዴ ልጁ ያለበት ቤት እሄዳለሁ። አስተማሪውን፣ ሐኪሙን አነጋግራለሁ። ያየሁትን ለዳኛው በጽሑፍ አቀርባለሁ። የልጆቹን ታሪክ ማውራት ክልክል ስለሆነ ዝርዝሩን አልነግርሽም። ይቺን ግን ልንገርሽ፦ ልጅ አሳዳጊው ፊት የሚናገረውና ብቻውን ሲሆን የሚናገረው አይገናኝም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ወላጆችን አነጋግራለሁ። አንዳንዶቹ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይሉኛል። መቆጣት ሌላ፣ በርበሬ ማጠን ሌላ። የኛው ሕገ መንግሥት እንኳ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። ሕጉ ግን ጓዳ ገብቶ አያይም። የሚያየው ሰው ነው፣ እንደዚያች እንደ ባለ ጉሊቷ።

አሁን ወደ ሚጣ ልመለስ። እታለም፣ በእማ ሞት፣ አትስጫት። ትምህርት ቤቱ ራቀ ካልሽ ደብረ ማርቆስ አንድ ክፍል ቤት እንከራይላት፤ እማ አብራት ትቀመጥ። ኪራዩም፣ ደብተሩም፣ ዩኒፎርሙም በኔ ነው። እናንተ ስንቅ ብቻ ላኩላቸው።

ባልሽ ቃል ሰጥቻለሁ ብሎ እምቢ ካለ፣ እንግዲያው ሳትናገሪ ድንገት ሂጂባቸው። ሳሎን ቁጭ ብለሽ ቡና ጠጥተሽ አትመለሺ። ልጅቷን ሻይ ቤት ውሰጃት፣ ፓስቲ ግዢላት፣ ትብላ። ከዚያ የት እንደምትተኛ፣ ከማን ጋር እንደምትበላ፣ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ ጠይቂያት። «ደህና ነሽ ወይ» ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው። ደብተሯን አስወጥተሽ እዪ፤ የተጻፈበት ቀን ይነግርሻል። አንድ ነገር ከጠረጠርሽ ይዘሻት ነይ፣ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይም አመልክቺ። ዘመድ ይቀየማል ብለሽ አትፍሪ። ይቀየም።

የኪራዩን ቀብድና የእማን የመድኃኒት ገንዘብ በእማ ስም ልኬያለሁ። ምዝገባው ሳያልፍ ከባልሽ ጋር ተነጋገሪና ደውዪልኝ። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን፣ እዚህ ረፋድ ነው። እሱንም አቅርቢልኝ፣ ራሴ አናግረዋለሁ።

እማን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ
ከሲያትል