አርቪ የምታከራዩ ሰዎች፣ ቁልፍ ብቻ አትስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ዕድሜዬን ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ተሳቢ ጎትቻለሁ፣ ነዳጅ ጭኛለሁ። ስለ ትልቅ መኪና ስጽፍ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከልጄ፣ ከባሏና ከልጆቻቸው ጋር በኪራይ አርቪ ያደረግነው ጉዞ ነው። በተለይ የመጀመሪያው ቀን። ለማያውቀው አንባቢ፣ አርቪ ማለት መኝታውን፣ ማብሰያውን፣ ሽንት ቤቱንና ሻወሩን በአንድ ሻንሲ ላይ ይዞ የሚሄድ መኪና ነው።

የማቀርበው ቅሬታ አንድ ነው። ይህን መኪና የሚያከራዩ ሰዎች ሲያስረክቡ አያሳዩም። እኛን ያስተናገደን ሠራተኛ ውሉን አስፈረመ፣ ቀለሙ ላይ ያለችውን ጭረት ሁሉ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳ፣ ቁልፉን ሰጠ። አማቼ ስለ ውሃውና ስለ ጋዙ ሲጠይቀው «ሁሉም መመሪያው ላይ አለልህ» አለው። መመሪያ የተባለው አልጋው ሥር ባለ መሳቢያ ውስጥ የተከመረ ቡክሌት ነው፤ የፍሪጁ ለብቻ፣ የውሃ ማሞቂያው ለብቻ፣ የጋዙ ለብቻ። ለጭረት ያን ያህል ጊዜ ያለው ሰው ለቤተሰብ ደኅንነት ግማሽ ሰዓት ማጣት የለበትም።

ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስንይዝ የፍሪጁ በር ተበርግዶ ውስጡ ያለው ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ልጄ ቀበቶዋን ፈትታ ልትነሳ ስትል «ተቀመጪ!» ብዬ ጮህኩባት። መኪና እየሄደ ማንም ከመቀመጫው አይነሳም፣ የፈለገው ነገር ቢፈስ። ዳር ይዘን ቆመን ሳየው የበሩ መሸጎሪያ ተሰብሮ በማጣበቂያ የተያያዘ ነው። በገመድ አሰርነው። ፍሪጁም ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ብዙ አርቪዎች ላይ ያለው ፍሪጅ እንደ ቤቱ በኮምፕረሰር አይሠራም። በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ሙቀት አሞኒያ እያዘዋወረ ነው የሚያቀዘቅዘው። እስኪቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዋዜማው ማብራት ይሻላል። መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመም በደንብ አይሠራም። ይህን ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ነዳጅ ማደያው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አማቼ ጎበዝ ሾፌር ነው፤ የነዳው ግን የቤት መኪና ነው። አርቪ ከኋላ ጎማው በስተኋላ የሚተርፈው አካሉ ረጅም ነው። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ጭራው ወደ ቀኝ ይወጣል። ነድቶ የማያውቅ ሰው ፊት ፊቱን እያየ ከማደያው ሲወጣ ጭራው ቋሚውን ሊመታ ይችላል። እኔ ወርጄ ከኋላ ቆሜ ስለነበር «ቁም!» ስለው ከብረቱ ጋር አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ባዶ ሜዳ ፈልገን፣ አንድ ጠርሙስ መሬት ላይ አቁሜ፣ ጭራው የት ድረስ እንደሚሄድ በስፖኪዮ እያየ እንዲለማመድ አደረግሁት። ቶሎ ገባው። ይህንን ማድረግ የነበረበት ግን አከራዩ ነው፣ በገዛ ግቢው።

ከሁሉ የከፋው ድልድዩ ነው። የስልኩ ካርታ የሚመራን ለትንሽ መኪና በተሠራው መንገድ ነው፤ የኛን ቁመት አያውቅም። ድልድዩ ላይ የተጻፈው ከፍታ 3.2 ሜትር ነው። ውሉ ላይ የተጻፈው የመኪናው ቁመት 3.1። አማቼ «እናልፋለን፣ አባባ» አለኝ። እኔ ግን ጣሪያው ላይ ጉብ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ አይቼዋለሁና አስቆምኩት። ከኋላ ባለው መሰላል ወጥቶ የመጥረጊያውን እጀታ ማቀዝቀዣው አናት ላይ አጋደመ። እኔ ከታች በሜትር ለካሁ። 3.35 ሆነ። ውሉ ላይ የሰፈረው የጣሪያው ቁመት ነው፤ ማቀዝቀዣውን የቆጠረው ሰው የለም። ከኋላችን የተሰለፉትን መኪኖች አስመልሼ፣ ወደ ኋላ እየሄድን ወጣን። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ጣሪያው ቢቀደድ ምን ሊወድቅባቸው እንደሚችል እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ደረም ከተማ አንድ የባቡር ድልድይ አለ። ከፍታው 11 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ማለትም 3.56 ሜትር ገደማ ነበር። ማስጠንቀቂያው በትልቁ ተጽፎ እያለ የኪራይ መኪኖችና አርቪዎች ጣሪያቸውን ሲያስልጡበት ኖረዋል። በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድልድዩን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረጉት። ከዚያ በኋላም ተመትቷል። ሾፌሩ ቁመቱን ካላወቀ ምልክት ብቻውን አያድነውም።

ዙሪያውን ስንዞር መሸብንና የምናድርበት ቦታ የደረስነው በጨለማ ነው። ልጄ ልጆቹን ልታጥብ ሻወሩን ስትከፍት ከወለሉ ቀዳዳ የሚሸት ግራጫ ውሃ ሽቅብ መጣ። ከኛ በፊት የተከራዩት ሰዎች የተጠቀሙበት እጣቢ ውሃ ከማጠራቀሚያው አልተደፋም ነበር። በዚህስ እንኳ አላማርርም፤ በባትሪ መብራት አፈላልገን፣ ለዚሁ በተዘጋጀው ቦታ ደፋነው፣ አለቀ።

ሌሊት ግን ሁላችንም ተኝተን ሳለ ከወለሉ አጠገብ አንድ ነገር ጢጥ ማለት ጀመረ። ቆየት ይላል፣ እንደገና ጢጥ። ልጄ ስታየው የጋዝ ማስጠንቀቂያው ነው። ልጆቹን ከነብርድ ልብሳቸው አቅፋ ወደ ውጭ ሮጠች። ትክክል አደረገች! ሁላችንም ወጣን፣ የጋዙን ሲሊንደር ከውጭ ዘጋሁት፣ በሩንና መስኮቱን በረገድነው። ሽታ የለም። አማቼ ውጭ ቆሞ ቡክሌቶቹን በስልኩ መብራት አንድ በአንድ ሲያገላብጥ መልሱን አገኘው። ማስጠንቀቂያው የሚሠራው ለአርቪው መኖሪያ ክፍል በተመደበው 12 ቮልት ባትሪ ነው። የባትሪው ጉልበት ሲወርድ በዚያ ዓይነት ድምፅ ያሳውቃል። ጋዝ ሲያገኝ ድምፁ ሌላ ነው። ባትሪውን የጨረሰው ደግሞ ማሞቂያው ነው፤ የሚያነደው ጋዝ ቢሆንም ሙቀቱን የሚነፋው ፋን ባትሪ ይበላል።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሰው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ካልተነገረው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ልጆቹን ይዞ በብርድ ይወጣል፣ ወይ ተናዶ ሽቦውን ይነቅለዋል። ነቅሎ የተኛ ሰው ጠዋት ላይነሳ ይችላል። ነዳጅ ወይም ጋዝ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚገድል ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ከጄነሬተር ጭስ በመስኮት ይገባል። ብርድ ነው ብሎ ምድጃውን ለሙቀት የሚለኩስ ሰውም ራሱ ያመጣዋል።

ከጉዞው መልስ ለአከራዩ ጻፍኩ። ለፍሪጁ መሸጎሪያ ይቅርታ ጠየቁ። ለቀረው «መመሪያው ተሰጥቷችኋል» የሚል መልስ ሰጡ። ይህ መልስ አይበቃኝም። ቁመቱ ከመሬት እስከ ማቀዝቀዣው አናት ተለክቶ ከሾፌሩ ፊት ይለጠፍ። ጋዙን መዝጋት፣ የውሃውን ፓምፕ ማብራት፣ እጣቢውን መድፋት ተከራዩ በገዛ እጁ ሠርቶ ያሳይ። የማስጠንቀቂያዎቹ ድምፅ እዚያው ተሞክሮ ይሰማ። ሾፌሩም ግቢው ውስጥ አንድ ዙር ይንዳው።

ለሚከራዩም አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያውን ቀን መንገድ አሳጥሩት፤ ሳይመሽ ድረሱ። የጎደለው ነገር ሁሉ የሚታየው ያን ቀን ነውና አከራዩ ሳይርቅ መመለስ ትችላላችሁ። ሠራተኛው ቢቸኩልባችሁም ሁሉን ሳያሳያችሁ አትፈርሙ።

ደብዳቤዬን ብታወጡልኝ አመሰግናለሁ። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አንብበው ርክክባቸው እንዴት እንደሆነ በዚሁ ገጽ ቢመልሱልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር