የችግኙ ከረጢት በቃጫ ይጠንክር፣ በአፈራችንም ይፈተን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከከለከለ ወዲህ፣ ስለ ፌስታል ብዙ ተጽፏል። ስለ ጥቁሩ የችግኝ ፕላስቲክ ግን እምብዛም ሲነሳ አላየሁም። የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ካገለገልኩ በኋላ በጡረታ ዘመኔ ቱሉ ዲምቱ አጠገብ ችግኝ አፈላለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ችግኙ ይተከላል፣ ተቀዶ የወጣው ፕላስቲክ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀራል። ከፊሉን ጎርፍ ጠርጎ ወንዝ ያስገባዋል፤ የቀረውን እኔው በበጋ ስቆፍር ከአፈር ውስጥ እየለቀምኩ አወጣዋለሁ።

በስብሶ አፈር የሚሆን ፕላስቲክ ከስታርች፣ ማለትም እንደ ድንችና በቆሎ ባሉ ሰብሎች ውስጥ ከሚገኘው ገንቢ ንጥረ ነገር፣ መሥራት ይቻላል። ሆኖም ከስታርች ብቻ የተሠራ ስስ ከረጢት ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ እርጥብ አፈር ሲሞላበትም ይቀደዳል፤ ችግኝ ደግሞ ወራት ሙሉ ውሃ እየጠጣ መቆም አለበት። መፍትሔው ጭቃ ቤት ለሠራ ሰው እንግዳ አይደለም። ጭድ ያልገባበት ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ የገባበት ግን ተያይዞ ይቆማል። እዚህም የሚደረገው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጭዱ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው። ሴሉሎስ፣ ማለትም የዕፅዋት አካል የተገነባበት ክር፣ ውፍረቱ ከ100 ናኖሜትር በታች እስኪሆን ድረስ ሲፈታተል፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ አሥር ሺኛ በታች ሲቀጥን፣ ከ100 ግራም ውስጥ ጥቂት ግራም ብቻ ቢገባ እንኳ ስታርቹን ከየአቅጣጫው ይይዘዋል፤ ውሃ የመምጠጥ ባሕርዩንም ይቀንስለታል። ሁለቱም ከግሉኮስ የተገነቡ ስለሆኑ በደንብ ይዋሃዳሉ። ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር በሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ በተባለው ሌላ በስባሽ ፕላስቲክ ውስጥ ግን ውሃ ወዳዱ ክር እርስ በርሱ እየተጣበቀ ስለሚቋጠር ሥራው ይከብዳል።

ክሩን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም። እንሰት ተፍቆ ለቆጮ የሚሆነው ከተለየ በኋላ ቃጫው ይቀራል፤ የማንንም ምግብ አይሻማም፣ ገበያው ቢሰፋም የሚጠቀሙት ሲፍቁ የሚውሉት እናቶች ናቸው። ስታርቹም ቢሆን ከሰው ገበታ ባይወሰድ እመርጣለሁ፤ ለገበያ የማይበቃው የተቆራረጠ ድንች ይበቃናል።

ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም። ክሩን ማድቀቅ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ተዘጋጅቶ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎ ውስጥ 98ቱ ውሃ የሆነ ቀጭን ሙቅ ይመስላል፤ ለማጓጓዝ ተብሎ ቢደርቅ ክሮቹ መልሰው ይጣበቃሉ። ስለዚህ ማድቀቂያውና ከረጢት መሥሪያው ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ክሩ ሲበዛ ደግሞ ከረጢቱ ይጠነክራል እንጂ እንደ ልብ አይለጠጥም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቃጫው የሚቀቀልበት የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ነው። ያ ውሃ ሳይጣራ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚለቀቅ ከሆነ ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

«በስባሽ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ከረጢት ሁሉ እኛ ዘንድ እንደማይበሰብስም መታወቅ አለበት። ኢ.ኤን. 13432 የተሰኘው የአውሮፓ መለኪያ የሚፈትነው 58 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ውስጥ ነው። ለእርሻ መሸፈኛ ፕላስቲክ የወጣው ኢ.ኤን. 17033 እንኳ የአፈር ሙከራውን የሚያደርገው በ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ አማካይ የአየር ሙቀት ግን ወደ 16 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ሙከራ በሁለት ዓመት የሚበሰብሰው እዚህ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የሚታወቀው እዚሁ ሲቀበር ብቻ ነው። አዋጁን የሚያስፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች ለማንኛውም ምትክ ከረጢት ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት በደጋ አፈር ውስጥ ቀብረው ውጤቱን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ እጠይቃለሁ።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የደን ተመራማሪዎቻችን በቃጫ የጠነከረ የችግኝ ከረጢት ለመሞከር ቢነሡ፣ ከችግኝ ጣቢያዬ ሁለት መደብ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ። በአንዱ ላይ እንደ ልማዱ ችግኝ ይፈላበት፤ በሌላው ደግሞ ባዶ ከረጢቶች ይቀበሩና ክረምትና በጋ ሲፈራረቅባቸው በየሦስት ወሩ እየወጡ ይመዘኑ። ውሃ ማጠጣቱንና መዝገቡን መያዙን እኔ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ችግኝ አፍይ፣ ከቱሉ ዲምቱ