ለልጅሽ ጥያቄ የዘገየ መልስ

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ?

ኧረ ከየት ልጀምር! ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ስልክሽ አልጠፋብኝም፣ ታምሜም አልከረምኩም። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ዘገየሁ። ከዚያ ስለዘገየሁ አፈርኩ። ከዚያ ስላፈርኩ ጭራሽ ዘጋሁሽ። ስትመጪ ትቆጪኛለሽ፣ መብትሽ ነው። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ያኔ የላክሽልኝን ፎቶ ባለፈው እሑድ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ እንደገና አየሁት። ልጅሽ የዓለም ካርታ ሥር ቆማ፣ አንድ ጣቷን ስዊድን ላይ፣ ሌላውን ኢትዮጵያ ላይ አድርጋለች። «የእማዬ አገር ለምንድን ነው ከእኛ አገር የምታንሰው?» ብላለች፣ አንቺ የጂኦግራፊ አስተማሪ አይደለሽ፣ በይ መልሺላት ብለሽኝ ነበር። እንጀራዬ ነው እኮ የጠየቀችኝ! እኔ ግን ዝም።

በይ ንገሪያት፣ አታንስም። ስዊድን 450,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ገደማ። ሁለት ስዊድን እኛ ጋ ገብታ ትንሽ ቦታ ይተርፋል። ልጅቷ በደንብ ነው ያየችው፣ ያሳሳታት ካርታው ነው። እሱንም ቢሆን ውሸታም ማለት ይከብደኛል፤ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነበር።

መርካቶር ይባላል። (የእኛን መርካቶ አይደለም። ተማሪዎቼ በየዓመቱ እዚህ ላይ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።) ጌራርዱስ መርካቶር የሚባል ካርታ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ለባሕር ተጓዦች ነው። መርከበኛው ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ ይዞ ሲቀዝፍ መንገዱ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሆንለታል። በማስመሪያ ያሰምርና ይሄዳል። ለእሱ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ጣጣው ስፋት ላይ ነው። ኬንትሮሶች፣ ከዋልታ ዋልታ የሚዘረጉት መስመሮች፣ ሉል ላይ ወደ ዋልታው ሲሄዱ እየተጠጋጉ ይገናኛሉ። መርካቶር ግን ጎን ለጎን አቆማቸው። ስለዚህ ከምድር ወገብ በራቅሽ ቁጥር መሬቱ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ቅርጹ እንዳይበላሽ ደግሞ ወደ ላይም በዚያው ልክ ይለጥጠዋል። ባሕር ዳር 11 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለሆነች የእኛ መለጠጥ 2 በመቶ ገደማ ነው፣ ለዓይን አይታይም። አንቺ ያለሽበት ስቶክሆልም ግን 59 ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ ርዝመቱ እጥፍ፣ ስፋቱ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። እዚያ ሄዳ ወፈረች የሚሉሽ ለካ በዚህ ነው! ግሪንላንድማ አፍሪካን ልታህል ትደርሳለች፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 እጥፏ ናት።

ታዲያ ለምን ትክክለኛ ካርታ አይሠሩም ትልሽ ይሆናል። የእኔም ተማሪዎች ጠይቀውኛል። አንድ ቀን የተበሳ ፕላስቲክ ኳስ ይዤላቸው ገባሁ። አህጉራቱን በእስክሪብቶ ሣልንበት፣ በምላጭ ሰነጠቅነው። በሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት አልኳቸው። ጠርዙን ሲጫኑት መሃሉ ጉብ ይላል። መሃሉን ሲጫኑት ጠርዙ ይሸበሸባል። መጨረሻ ላይ አንዷ ትዕግሥቷ አልቆ ጎተተችውና ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ተቀደደ። ጋውስ የሚባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1827 በስሌት አረጋግጦታል። ሉል ሳይለጠጥ ወይም ሳይቀደድ ጠፍጣፋ አይሆንም። ፕሮጀክሽን የሚባለው እንግዲህ የትኛውን አዛብተሽ የትኛውን እንደምታተርፊ መምረጥ ነው።

አርኖ ፒተርስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ስፋትን የሚጠብቅ ካርታ ይዞ ብቅ አለ። አገሮቹ በልካቸው ሆኑ፣ አፍሪካ ግን እንደተጎተተ ማስቲካ ቁልቁል ረዘመች። እኔ አልወደውም። አርተር ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ የካርታ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው አስታራቂ ነገር ነው፣ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ያዛባል። ለልጅሽ ክፍል ከገዛሽ እሱን ግዢ። ስልክሽ ላይ ያለው ጎግል ማፕ ደግሞ ዛሬም የመርካቶር ዘር ነው፣ አልፈርድበትም። ማዕዘን ስለሚጠብቅ ባጃጁ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ሲታጠፍ ካርታውም ልክ እንደዚያው ይታጠፋል።

ካርታ እንዴት እንደሚያዋርድ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ መሥሪያ ቤት የሐይቁን ዙሪያ የሕዝብ ጥግግት ካርታ ሥሪልን አለኝ። ሰው የበዛበት ወረዳ ደማቅ፣ የሳሳበት ፈዛዛ ቀለም፣ ያው የምታውቂው ዓይነት። ያገኘሁት ፋይል ላይ የወረዳዎቹ ወሰን ጣናን እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርሶታል። ጣና ብቻውን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ ሆዬ ውኃውን ሳልቀንስ ሰዉን በጠቅላላ ስፋቱ አካፈልኩት። ሩዝ የሚዘራበት፣ ሰው በሰው ላይ የሆነው የፎገራ ዳርቻ ገርጥቶ ወጣልሽ! ካርታውን መጀመሪያ ያዩት የግቢው ጥበቃ ናቸው። «ሰዉን ሐይቅ ውስጥ በተናችሁት እንዴ?» አሉኝ።

ነጥብ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። አንዱ ነጥብ 500 ሰው። ኮምፒውተሩ ነጥቦቹን ወረዳው ውስጥ እንዳገኘ ይበትናቸዋል። አስፍቼ ብከፍተው ግማሽ ቀበሌ ጉማሬ መሃል ሰፍሯል። ሐይቁን ለብቻው ቆርጬ እስካወጣው ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ለጥበቃው ወስጄ አሳየኋቸው፤ «አሁን ዳኑ» አሉ።

ለልጅሽ አንድ ነገር ሥዬላታለሁ። ከእናትሽ ቤት እስከ ሐይቁ ያለው መንገድ ነው፣ በእጄ፣ ያለ ማስመሪያ። ዘንባባዎቹ አሉ፣ ባጃጅ ተራው አለ። ጊዮርጊስ የጥፍሬን ያህል ሆኗል፣ አንቺና እኔ ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ የምንበላባት ዋርካ ግን የገጹን ሩብ ይዛለች። ስኬሉን ላስተካክል ሁለቴ አጥፍቼ ሣልኩ፣ ሁለቴም ያው ሆነ። እሷም ከቤት እስከ ትምህርት ቤቷ ያለውን ሳትለካ ሥላ ትላክልኝ። ለክፍሌ አሳይበታለሁ።

አድራሻሽ ያው ነው ወይስ ቤት ቀየርሽ? ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ስሙ ብቻ ተጽፎበታል።

ያቺው ዘጊዋ ጓደኛሽ፣ ከባሕር ዳር